«ቁርስ በልተዋል?» ከእግር ጉዞ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

በእግር መጓዝ ለስኳር ሕመምተኛ እንደሚጠቅም ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። የዓለም ጤና ድርጅትም አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ዛሬ የማነሳው ግን ከምክሩ ጋር አብሮ መነገር ያለበትን ጥንቃቄ ነው። እኔ መድኃኒት አዳይ ሆኜ ሳለሁ የዘነጋሁት ነበር።

በአሜሪካ ፊላደልፊያ የሚኖሩትን አክስቴን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ጠዋት ጠዋት አብረን እንድንራመድ ወተወትኳቸው። የመረጥነው ቦታ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለውን የጆን ሄንዝ የዱር እንስሳት መጠለያ ነበር። መጠለያው እ.ኤ.አ. በ1972 በኮንግረስ ውሳኔ የተቋቋመ ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1991 ነው። በፔንስልቬንያ ከቀሩት የባሕር ማዕበል ከሚደርስባቸው የጨው አልባ ውሃ ረግረጎች ትልቁ የሚገኘው እዚያ ነው። ከ300 በላይ የወፍ ዓይነቶች ታይተውበታል። መግቢያው በነፃ ነው።

ከውሃው በላይ የተዘረጋው የሳንቃ መንገድ ደልዳላ ስለሆነ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ሰዎች ይመቻል። ኤሊዎች ግንድ ላይ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ከራስ በላይ ያልፋሉ። መንገዱን ከአጋመስን በኋላ አክስቴ ዝም አሉ። በአውሮፕላኑ ድምፅ ምክንያት ያልሰሙኝ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ላብ አጥምቋቸዋል፤ የእጅ መደገፊያውን የያዘው እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?» አልኳቸው።

«ስንመለስ አብረን እንበላለን ብዬ ነው ልጄ፤ ቡና ብቻ ነው የጠጣሁት» አሉኝ።

ኢንሱሊናቸውን ግን እንደወትሮው ተወግተው ነበር። ሙቀቱ ሳይበረታ እንድረስ ብዬ ያጣደፍኳቸው እኔ ነኝ። ሳንቃው ላይ አስቀምጬ ለልጄ የያዝኩትን የብርቱካን ጭማቂ አጠጣኋቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መንቀጥቀጡ ቆመ።

ምን ሆነው ነበር?

ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ይወስዳል። ኢንሱሊንም ስኳሩን ያወርዳል። ምግብ ካልገባ ሁለቱ ተደራርበው ስኳሩን ከመጠን በታች ይጥሉታል። ይህ ሊከሰት የሚችለው በዋናነት ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፒራይድ ያሉ እንክብሎችን በሚወስዱ ሰዎች ላይ ነው። ሜትፎርሚንን ብቻ በሚወስዱ ሰዎች ላይ እምብዛም አያጋጥምም።

ለደም ግፊት ወይም ለልብ አቴኖሎል፣ ፕሮፕራኖሎልና የመሳሰሉትን የሚወስዱ ሰዎች ደግሞ የልብ ምት መፍጠኑና መንቀጥቀጡ ላይሰማቸው ይችላል። ላቡ ግን አይቀርም፤ ስለዚህ ላብን አትናቁት።

ምን እናድርግ?

1. ከጉዞ በፊት ስኳራችሁን ለኩ። መድኃኒት ወስዳችሁ ምግብ ሳትበሉ አትውጡ።

2. በኪሳችሁ ስኳር ወይም ጭማቂ ያዙ፤ ብቻችሁንም አትሂዱ።

3. ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በታች ከወረደ፣ ወይም መለኪያ ሳይኖር ምልክቱ ከታየ፣ 15 ግራም ያህል ስኳር ውሰዱ። ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወይም ግማሽ ኩባያ ጭማቂ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለ ድገሙት፤ ሲሻል ምግብ ብሉ።

4. ራሱን የሳተን ሰው በአፉ ምንም አታጉርሱ፤ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና አድርሱት።

5. የእንቅስቃሴው ውጤት እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ስለሚችል በዚያው ሌሊትም ተጠንቀቁ።

6. መጠኑን በራሳችሁ አትቀንሱ፤ ሐኪማችሁን አማክሩ።

አክስቴ መራመዱን አልተዉም። በሳምንቱ ቁርሳቸውን በልተው፣ መለኪያቸውን ይዘው ያንኑ የሳንቃ መንገድ እስከ ጫፉ ሄድን። እናንተም እናት አባታችሁን ይዛችሁ ስትወጡ ከጫማቸው በፊት ቁርሳቸውን ጠይቁ።