ከኳስ ሜዳ ወደ ቤተ መንግሥት

ኳስ ተጫዋች አገር ለመምራት ይችላልን? ጥያቄው ለቡና ቤት ክርክር ያህል የተነሣ ይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን የላይቤሪያ ሕዝብ በዚሁ ጥያቄ ላይ ሦስት ጊዜ ድምፁን ሰጥቶበታል፤ መልሱም ሦስቱንም ጊዜ አንድ አልሆነም። በ2005 «አይሆንም» አለ፤ በ2017 «ይሁን» አለ፤ በ2023 ደግሞ በጥቂት ድምፅ ብልጫ «ይብቃ» አለ። ጥያቄው የተነሣበት ሰው ጆርጅ ዊያ ነው። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፋችንን አንባቢያችን ይገንዘቡልን።)

በእርግጥ ከኳስ ወደ ፖለቲካ የገባ እርሱ ብቻ አይደለም። ፔሌ በ1995 የብራዚል የስፖርት ሚኒስትር ሆኖ ነበር፤ ሮማሪዮም በዚያው አገር ለሴናተርነት በቅቷል። በ2024 መጨረሻ ላይ በእንግሊዝ አገር ለማንቸስተር ሲቲ ተጫውቶ የነበረው ካቬላሽቪሊ የጆርጂያ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እርሱን የመረጠው ግን የመራጮች ጉባኤ እንጂ ሕዝቡ በቀጥታ አይደለም። የዊያን ነገር ልዩ የሚያደርገው የአገሩ ሕዝብ ተሰልፎ፥ ካርዱን ይዞ የፈረደበት መሆኑ ነው።

ላይቤሪያ በመንገድ ብትርቀን በታሪክ አትርቀንም። በ1960 ደቡብ አፍሪካን በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ጉዳይ በዘ ሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የከሰሱት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ሁለቱ ነበሩ። ፍርድ ቤቱ በ1966 ክሱን ሳይቀበል ቀረ። ዊያ የተወለደው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ነው፤ ያደገውም ክላራ ታውን በሚባለው የሞንሮቪያ የድሆች ሰፈር በአያቱ እጅ ነው። ወጣት ሳለ በአገሩ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤት በስልክ ማዞሪያ ቴክኒሺያንነት እየሠራ ኳስ ይጫወት ነበር። ትምህርቱን በወጉ አልጨረሰም። ይህን ነገር አንባቢያችን ይያዙልን፤ ኋላ ብዙ ያነጋግራልና።

ከአገሩ ወጥቶ በካሜሩን ለቶኔር ያውንዴ ሲጫወት፥ የካሜሩን ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝ የነበረው ፈረንሳዊው ክሎድ ለርዋ አይቶት ለአርሰን ቬንገር ነገረው፤ ቬንገርም በ1988 ወደ ሞናኮ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ያለውን የኳስ ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሞናኮ፥ ፓሪስ ሴን ዠርሜን፥ ሚላን። በ1995 «የወርቅ ኳስ» የተባለው ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፓውያን ላልሆኑ ተጫዋቾችም ሲፈቀድ የወሰደው እርሱ ነው። እስከ 2025 ድረስ ለአፍሪካ አገር ብሔራዊ ቡድን ከሚጫወቱት መካከል ይህን ሽልማት የደገመ አልተገኘም።

በሴፕቴምበር 1996 በሳን ሲሮ ሜዳ በቬሮና ላይ ያገባትን ጎል ሳንጠቅስ ብናልፍ የኳስ ወዳጆች ይቅርታ አያደርጉልንም። ቬሮናዎች የማዕዘን ምት መቱ፤ ኳሷ ሁሉንም አልፋ በራሱ ቡድን የቅጣት ክልል ውስጥ ከቆመው ከዊያ እግር ሥር ወደቀች። ከዚያ ተነሥቶ ሮጠ። አንዱን አለፈ፤ ከሌሎቹ መካከል ገብቶ ተፈናጥሮ ወጣ፤ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ከመረቡ ጨመራት። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ኳሷን ለማንም አላቀበለም። የዚህችን ጎል ፊልም ስንት ጊዜ እንዳየናት ቁጥሩን አንስተነዋል።

እርሱ በሚላን ሲጨበጨብለት አገሩ ትነድ ነበር። በ1989 መጨረሻ የተጀመረው የርስ በርስ ጦርነት መንግሥትንም፥ ትምህርት ቤትንም፥ ስፖርትንም አፍርሶ ነበርና ብሔራዊ ቡድኑን በገዛ ገንዘቡ ያቆመው ዊያ ነው። ማሊያውን ገዛ፤ የጉዞውን ወጪ ቻለ። ቡድኑ በ1996 ለአፍሪካ ዋንጫ በቃ፤ ለ2002 የዓለም ዋንጫ ደግሞ ከናይጄሪያ በአንድ ነጥብ ብቻ አንሶ ቀረ። ያን ጊዜ በላይቤሪያ መንግሥት የሚባለው ነገር በወረቀት ላይ ነበረ፤ ባንዲራዋን በውጭ አገር ሜዳ ላይ ያቆመ ግን አንድ ኳስ ተጫዋች ነበረ። በ1996 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አገሪቱን ይረከብ ዘንድ ለአንድ የአሜሪካ ጋዜጣ በተናገረ ጊዜ ታጣቂዎች በሞንሮቪያ ያለውን ቤቱን አቃጠሉበት። ፖለቲካ እርሱ ሳይፈልጋት ቤቱ ድረስ መጥታ ነበር ማለት ነው።

በ2003 ጫማውን ሰቀለ፤ ጦርነቱም በዚያው ዓመት ቆመ። በ2005 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረ።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው የሚያስቸግር ነገር አለ። እስከ አሁን «እርሱ» ስንለው መጥተናል፤ ኳስ ተጫዋችን «አንተ» ማለት የፍቅር ነው። አገር ልምራ ብሎ የቀረበን ሰው ግን «አንተ» ማለት አይገባምና ከዚህ መሥመር ጀምሮ አቶ ዊያ «እርሳቸው» ይሆናሉ። የሞንሮቪያ ምሁራን፥ ቋንቋቸው አንተንና አንቱን የማይለይ ቢሆንም፥ ይህን መሥመር መሻገር አልወደዱም ነበር። ያልተማረ ሰው እንዴት ይገዛናል አሉ። ተወዳዳሪያቸው ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በሃርቫርድ የተማሩ፥ በዓለም ባንክ የሠሩ ነበሩ። የዊያ ደጋፊዎች፥ አብዛኞቹ ሥራ የሌላቸው ወጣቶች፥ መጽሐፍ ዐወቀ አላወቀ የምንመርጠው እርሱን ነው እያሉ በየመንገዱ ይዘፍኑ ነበር።

እኛ የዲግሪያችን ቀለም ገና ያልደረቀ ወጣቶች ይህን ዘፈን ስንሰማ መጀመሪያ መሳቅ ያምረናል። የላይቤሪያን ታሪክ ስንመለከት ግን ሣቁ አፋችን ላይ ይደርቃል። አገሪቱን ከ1847 እስከ 1980 ድረስ በበላይነት የገዙት ከአሜሪካ ከመጡት ጥቁሮች የተወለዱ፥ የተማሩና ኮት ለባሽ የሆኑ ቤተሰቦች ነበሩ፤ የአገሩ ነባር ነገዶች ብዙኃኑ ሆነው ሳሉ ከደጅ ቀሩ። በ1980 ደግሞ የበታች ሹም የነበረው ሳሙኤል ዶ ከነዚያው ነገዶች ወጥቶ መንግሥቱን ገለበጠ፤ ትምህርቱ ጥቂት ነበረ፤ ደም አፈሰሰ፤ በ1990 እርሱም በተራው ተገደለ። በ1997 የተመረጠው ቻርለስ ቴይለር በአሜሪካ ኮሌጅ ኤኮኖሚክስ ያጠና ሰው ነበረ፤ በሴራሊዮን ለተፈጸመው ወንጀል ተባባሪ ሆኖ በመገኘቱ በ2012 የ50 ዓመት እስራት ተፈረደበት። እንግዲህ ያ ሕዝብ የተማረውንም ያልተማረውንም ቀምሶ ነበር። ዲፕሎማን እንደ ዋስትና አልቆጥርም ቢል ማን ይፈርድበታል?

ያም ሆኖ በ2005 ሕዝቡ ያመዘነው ለትምህርትና ለልምድ ነው። ዊያ በመጀመሪያው ዙር 28 በመቶ አግኝተው 22ቱን ተወዳዳሪዎች ሲመሩ ቆይተው በሁለተኛው ዙር 59 ለ41 በሚሆን ተሸነፉ። ድምፅ ተሰርቋል ብለው አቤት አሉ፤ ደጋፊዎቻቸውም ወደ አደባባይ ወጡ። በዚያ ጊዜ በአገሪቱ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር ነበረ፤ ከውስጡም የኢትዮጵያ ወታደሮች ነበሩበት። ነገሩ እየቆየ በረደ።

ከዚህ በኋላ የሠሩት ሥራ፥ በኛ አስተያየት፥ ከቬሮናዋ ጎል አያንስም። ከአርባ ዓመት ዕድሜ በኋላ ደብተር ይዘው ተቀመጡ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ ወደ አሜሪካ ሄደው በንግድ አስተዳደር ዲግሪ ተቀበሉ። የዓለም ኮከብ የነበረ ሰው እንደ ጀማሪ ተማሪ መጠየቅና መፈተን ምን ያህል እንደሚከብደው የፈተና አዳራሽ ወንበር የሞቀው ሁሉ ያውቀዋል። በ2011 የምክትል ፕሬዚዳንትነት ዕጩ ሆነው ቀረቡ፤ አልሆነም። በ2014 ሞንሮቪያ ባለችበት በሞንሴራዶ አውራጃ ለሴናተርነት ተወዳድረው የፕሬዚዳንቷን ልጅ 78 በመቶ በሚሆን ድምፅ አሸነፉ። በዲሴምበር 2017 ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩትን ጆሴፍ ቦአካይን በ61.5 በመቶ ረቱ። በጃንዋሪ 22 ቀን 2018 ቃለ መሐላ የፈጸሙት በኳስ ሜዳ ነው፤ ሜዳውም የተሰየመው በዚያው በሳሙኤል ዶ ስም ነው።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላስ? በጀመሩበት ወር ደመወዛቸውን በ25 በመቶ ቀነሱ። በ2018 በመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚከፈለውን የትምህርት ክፍያ አነሡ፤ መጽሐፍ አያውቅም ሲባሉ የኖሩት ሰው ለድሀ ልጅ የዩኒቨርስቲን በር ከፈቱ ማለት ነው። በሴፕቴምበር 2018፥ የ51 ዓመት ፕሬዚዳንት ሆነው ሳሉ፥ የቀድሞ 14 ቁጥራቸውን ለብሰው ከናይጄሪያ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ግጥሚያ 80 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። ሕዝቡ ዘለለ፤ ላይቤሪያ 2 ለ1 ተሸነፈች።

የገበያው ነገር ግን በጭብጨባ አልተመለሰም። የላይቤሪያ ገንዘብ ዋጋው ወደቀ፤ እህልና ዘይት ተወደደ፤ በጁን 7 ቀን 2019 በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በሞንሮቪያ ሰልፍ ወጣ። ከሰልፈኞቹ ብዙዎቹ ያው በ2017 የዘፈኑላቸው ወጣቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። በ2022 የአሜሪካ መንግሥት በጉቦ ምክንያት በሦስት ባለሥልጣኖቻቸው ላይ ማዕቀብ ጣለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከአንድ ወር በላይ በውጭ አገር ቆዩ፤ በካታር ልጃቸው ቲሞቲ ለአሜሪካ ተሰልፎ በዌልስ ላይ ጎል ሲያገባ ተመለከቱ። አባት እንደ መሆናቸው ደስታቸው ይገባናል፤ አባቲቱ ያልደረሱበትን የዓለም ዋንጫ ልጁ ደርሶበታልና። የአገር ራስ በዚያ ሁሉ ኑሮ ውድነት መካከል ወር ሙሉ መጥፋቱ ግን ለተቃዋሚዎቻቸው ያልታሰበ ስጦታ ነበር።

መንግሥት ደግሞ ኳስ የሚቀባበሉበት ሥራ ነው፤ አቀባዮቹም ክለብ ይለውጣሉ። በኒምባ አውራጃ ብዙ ተሰሚነት የነበራቸው የቀድሞው የጦር መሪ ፕሪንስ ጆንሰን በ2017 ከዊያ ጎን ቆመው ነበር፤ በ2023 ወደ ቦአካይ ተሻገሩ።

በኦክቶበር 2023 የመጀመሪያው ዙር ሲቆጠር ዊያ 43.83፥ ቦአካይ 43.44 በመቶ አገኙ። በኖቬምበር 14 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ቦአካይ በ50.64 በመቶ በለጡ፤ ልዩነቱ 20,567 ድምፅ ብቻ ነበር። በአህጉራችን ለዚህ ያህል ልዩነት ስንት ፕሬዚዳንት ቆጠራውን አስቁሟል፤ ስንቱስ ጦር አሰልፏል! በላይቤሪያም የተባበሩት መንግሥታት ጦር በ2018 ጠቅልሎ ወጥቶ ስለ ነበር በመካከል የሚቆም ባዕድ ወታደር አልነበረም። ጦሩን የሚያዝዙት፥ ሬዲዮውንም የያዙት ዊያ ራሳቸው ነበሩ።

በኖቬምበር 17 ቀን ማታ፥ የመጨረሻው ውጤት ገና በይፋ ሳይነገር፥ በዚያው ሬዲዮ ቀርበው መሸነፋቸውን ለሕዝቡ ነገሩ፤ ለአሸናፊውም የእንኳን ደስ ያለዎ መልእክት አስተላለፉ። በ2005 ድምፄ ተሰረቀ ያሉት ሰው እኒሁ ናቸው። ይህን በየትኛው ትምህርት ቤት እንደተማሩት፥ ከአሜሪካው ዩኒቨርስቲ ይሁን ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ተቃራኒን ጨብጠው ከሚወጡበት ሜዳ፥ የሞንሮቪያ ምሁራን ይከራከሩበት። ሥልጣኑን ለ79 ዓመቱ ለቦአካይ ያስረከቡት በጃንዋሪ 22 ቀን 2024 ነው፤ በኳስ ሜዳው ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ልክ በስድስተኛው ዓመት።