ያረጀ ሽመል በካሜራ ፊት

የአሮጌ ቤትና የአሮጌ ዕቃ ውበት ገጹ ላይ በተጻፈው የሥራና የአየር ምልክት ውስጥ ነው። ምልክቱ ከምን እንደመጣ ያላወቀ ፎቶግራፍ አንሺ የሚያመጣው ምስል ያደፈ ግድግዳ ብቻ ነው የሚያሳየው።

በአሶሳ ዞን መንጌ ወረዳ የሚገኘው የበርታ ሕዝብ የሽመል ቤት ነገሩን በደንብ ያስረዳል። ሽመል (የቆላ ቀርከሃ) ሲቆረጥ አረንጓዴ ነው፤ ሲደርቅ ቢጫ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ግድግዳው ሁሉ በአንድ መልክ አያረጅም። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ያለው፣ ዝናብ የማያገኘው ክፍል የማር መልኩን ይዞ ይቆያል። ዝቅ ሲል ፀሐይ ሊግኒን የተባለውን የእንጨት ማያያዣ ትሰባብራለች፤ ዝናብም ያጥበዋልና ሽመሉ እንደ አመድ ይነጣል። ከመሬቱ አጠገብ የክረምቱ ዝናብ ያፈናጠረው ቀይ አፈር ተለጥፎበታል፤ ምስጥ የሠራው የጭቃ መስመርም ሽቅብ ይወጣል። ከላይ እስከ ታች የብዙ ክረምትና በጋ መዝገብ ነው።

በመንጌ አንድ ቤት ለፎቶግራፍ ሲዘጋጅ እናትየው በጢስ የጠቆረውን ቅልና ወርቅ የሚታጠብበትን የእንጨት ገበታ ወደ ጓዳ አስገብተው በምትካቸው ቢጫ ጀሪካን አቆሙ። አንሺው ምንም ሳይጠይቅ አነሣ። ምስሉ ዛሬም ያስቆጫል። ይሁን እንጂ እናትየው አልተሳሳቱም፤ ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው አሮጌ ነገርን የችግር ማስረጃ አድርጎ መውሰድ ልማዱ ነው።

ጥፋቱ የባለሙያው ነው፤ ማርጀትና መፍረስ አንድ ነው የሚለው እምነት ደጋግመው ቢያርሙትም አልነቀል ብሏል። የፈረሰ ቤት የተተወ ቤት ነው። የጠቆረ ቅል ግን ያልተተወ ዕቃ ነው፤ ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ዓመታት የኖረ፣ አንገቱ ላይ እጅ የሚይዘው ቦታ ተለይቶ ቡናማ ሆኖ የሚያበራ። የወርቅ ማጠቢያው ገበታ ሆዱ በአሸዋ ተሞርዶ ለስልሷል። የጣሪያው ሽመል ላይ ያለው ጥላሸትም እድፍ አይደለም፤ ጢሱ ነቀዝን ያርቃል፣ ቤቱንም ያቆየዋል። ይህን ሁሉ ቆሻሻ ብሎ የሚያልፍ አንሺ የተሰበረ አጥርና የዘመመ ምሰሶ ፍለጋ ሲዞር ይውላል።

ስህተቱ አሠራሩንም ያበላሻል። ጥቁሩ ጣሪያ ላይ ፍላሽ ሲተኮስ የጥላሸቱ ወዝ ይጠፋል። ካሜራው በራሱ ከተተወ ጥቁሩን ግራጫ ያደርገዋል፤ የሚገባውን ብርሃን አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ መቀነስ ግድ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ምስሉ ከተነሣ በኋላ ክላሪቲና ኮንትራስት እየጨመሩ «ማስረጀት» ነው። የማሩም የአመዱም መልክ እኩል ሻካራ ይሆናል፤ ግድግዳው የያዘው መዝገብ ይደመሰሳል። ሽመሉ የሚፈልገው ከጎን የሚመጣ የጠዋት ብርሃን ነው፤ በበጋ ሣር ሲቃጠል የሚነሣው ጭጋግም ጥላውን ያለሰልሰዋል።

አዲስ አበባም ያው ነው። በከተማዋ የቀሩት ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶች ሲነሡ ካሜራው የሚሄደው ወደ ተሰበረው መከታ ነው፤ እግር ያጎደጎደውን የደረጃ እንጨት የሚያየው የለም። በአንጻሩ ፈረንሳዊው ፎቶግራፍ አንሺ ኡዤን አትዤ በ1927 (እ.ኤ.አ.) እስኪሞት ድረስ አሮጌዋን ፓሪስ ለ30 ዓመት ያህል ሲያነሣ በር ማንኳኪያና ደረጃ አልናቀም፤ ሥራውንም ለሠዓሊዎች የሚሆን ሰነድ ብሎ ነበር የሚሸጠው።

መንጌ የሚሄድ ፎቶግራፍ አንሺ ቅሉን ከጓዳ ከማስወጣቱ በፊት ለምን እንደጠቆረ የቤቱን እመቤት ይጠይቅ፤ የነገሩትንም ከቀኑና ከቦታው ጋር ከምስሉ ሥር ይጻፍ። የሣር ጣሪያው በቆርቆሮ ሲተካና ምድጃው ከቤት ሲወጣ ሽመሉን የሚያጠቁር ጢስ አይኖርም።