«ተርን ዳውን»፦ እምቢ ያለው ማን ነው?

በናይሮቢ፣ በካምፓላ ወይም በዱባይ ሥራ የሚፈልግ፣ አልያም ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር ያመለከተ ሰው በእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብለት የሚያደናቅፈው ሁልጊዜ ረጅሙ ቃል አይደለም። አንዳንዴ ሁለት አጫጭር ቃላት ይበቃሉ። «ተርን ዳውን» ከእነዚህ አንዱ ነው።

ቃል በቃል ከተወሰደ «ተርን» ማዞር፣ «ዳውን» ደግሞ ወደታች ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ግን ሌላ ትርጉም ይወልዳሉ። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ አይደለም። «አለ» በራሱ መናገርን ያመለክታል፤ «ቁጭ አለ» ሲባል ግን የተነገረ ነገር የለም።

ሦስት ትርጉሞች

የመጀመሪያው መቀነስ ነው። «ተርን ዳውን ዘ ሬዲዮ» ማለት የሬዲዮኑን ድምፅ ዝቅ አድርግ ማለት ነው። ለምድጃ እሳትና ለማሞቂያም ያገለግላል።

ሁለተኛው በሆቴል ሥራ የተለመደ ነው። ምሽት ላይ የእንግዳውን አልጋ ልብስ ጠርዝ አጥፎ ክፍሉን ለመኝታ ማዘጋጀት በዚሁ ስም ይጠራል።

ሦስተኛውና ብዙ መዘዝ ያለው፣ የቀረበን ነገር አለመቀበል ነው። የሥራ ቅጥር፣ ግብዣ፣ የጋብቻ ጥያቄ ወይም ማመልከቻ ሊሆን ይችላል። በመደበኛ ደብዳቤዎች ለዚህ «ሪጀክት» ወይም «ሪፊዩዝ» የሚሉት ቃላት ይዘወተራሉ፤ በንግግር ግን «ተርን ዳውን» ቶሎ ይመጣል።

አንዲት ቃል የምትለውጠው ታሪክ

«አይ ተርንድ ዳውን ዘ ጆብ» ያለ ሰው ሥራው ተሰጥቶት እርሱ አልፈልግም ብሏል። «አይ ዋዝ ተርንድ ዳውን» ያለው ግን አመልክቶ ተከልክሏል። በአማርኛ «ከለከለ» እና «ተከለከለ» የሚለዩት በግሡ መነሻ ላይ ባለችው «ተ» ነው። በእንግሊዝኛ ይህን ሥራ የምትሠራው «ዋዝ» ናት፤ በፍጥነት ሲነገር ደግሞ በቀላሉ ትዘለላለች።

ስህተቱ ከሰዋስው ያልፋል። ቀደም ሲል ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው ቃሏን ቢዘል፣ የተሰጠውን ዕድል ራሱ የገፋ መስሎ ሊመዘገብ ይችላል። ጠያቂው ያንን ይዞ «ለምን አልፈለግህም?» ቢለው፣ መልሱ ከቀድሞ ሰነዱ ጋር ይጋጫል።

ስለዚህ የሚያጠራጥር ሲሆን ቀላሉን መንገድ መምረጥ ይበጃል፦ «ዘይ ሴድ ኖ» (እነርሱ እምቢ አሉ) ወይም «አይ ሴድ ኖ» (እኔ እምቢ አልኩ)። እምቢ ባዩ በግልጽ ስለሚጠራ ለስህተት ቦታ አይተውም። ጉዳዩ ከበድ ካለ ደግሞ አስተርጓሚ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የቃላቱ ቅደም ተከተልም ሕግ አለው። «ተርን ዳውን ዘ ኦፈር» እና «ተርን ዘ ኦፈር ዳውን» ሁለቱም ትክክል ናቸው። ስሙ በ«ኢት» ሲተካ ግን መካከል መግባት አለበት፦ «ተርን ኢት ዳውን»።

«ዩ ሃቭ ቢን ተርንድ ዳውን» የሚል መልስ የደረሰው ሰውም የነገሩ መጨረሻ ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ምክንያቱን፣ ይግባኝ መኖሩንና ቀነ ገደቡን ማጣራት ይኖርበታል። ሐረጉ የሚናገረው ጥያቄው ተቀባይነት አለማግኘቱን ብቻ ነው፤ በሩ ለዘለዓለም መዘጋቱን አይናገርም።