የእጅ ሰዓትን በራስ እጅ ስለ መለወጥ

የክፍል ጓደኞቼ እጄ ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ «ቀለበቱ ተገልብጦ የተሠራው ለምንድን ነው?» ብለው ዘወትር ይጠይቁኛል። እውነትም መስተዋቱን ከውጭ የከበበው ቀለበት 12 ቁጥሩ ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከታች፣ በ6 ቁጥር በኩል ይገኛል። ይህ የፋብሪካ ስሕተት አይደለም፤ እኔው ራሴ የለወጥሁት ነው። ምክንያቱን ከመግለጼ በፊት ግን ሥራው ምን እንደ ሆነ ባስረዳ ይሻላል፤ ዛሬ በብዙ አገር ወጣቱም ሽማግሌውም የዕረፍት ጊዜውን የሚያሳልፍበት ሆኗልና።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው በሞላ ኃይል የሚሠራ ሰዓት ነው። ሰውየው አንድ ጠንካራና ዋጋው ያልበዛ ሰዓት ይገዛና ፊቱን፣ ቆጣሪዎቹን፣ መስተዋቱን፣ ቀለበቱን፣ አንዳንድ ጊዜም ማሽኑን ሳይቀር ሌሎች ሠሪዎች ባዘጋጁት መለዋወጫ ይተካል። ከሁሉ ይልቅ የተለመደው፣ ሰው ሁሉ ሴኮ እያለ የሚጠራው የጃፓኑ ሴይኮ ነው። ከእርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የወጣው «ኤስ ኬ ኤክስ 007» የተባለው የጠላቂዎች ሰዓት እጅግ ይወደዳል። በ2019 ገደማ መሠራቱ እስኪቀር ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ልኩ ሳይለወጥ ስለ ተሸጠ፣ ትንንሽ ወርክሾፖች በዚያው ልክ ዕቃ መሥራት አዋጣቸው። የፊቱ ስፋት 28.5 ሚሊሜትር ነው፤ የሰዓት ቆጣሪው ቀዳዳ 1.5፣ የደቂቃው 0.9፣ የሰከንዱ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ነው። እነዚህን ልኮች የጠበቀ ዕቃ የትም ይሠራ የት ይገጥማል። ያልጠበቀ ግን ወይ አይገባም፣ ወይ ገብቶ ይወድቃል።

የዚህ ሰዓት ማሽን «7ኤስ26» ይባላል። በአንድ ሰዓት 21,600 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታል። እጃችን በተንቀሳቀሰ ቁጥር በውስጡ ያለው ክብደት እየዞረ ሞላውን ያጠብቀዋል። ሆኖም ሁለት ጉድለት አለበት፤ በማዞሪያው መሙላት አይቻልም፤ ሰዓት ስናስተካክልም የሰከንድ ቆጣሪው አይቆምም። ስለዚህ ብዙዎች ሁለቱንም በሚችለው «ኤን ኤች 36» ይተኩታል። ይህኛው አንድ ጊዜ ከሞላ 41 ሰዓት ያህል ይሠራል። ቢሆንም ፋብሪካው ራሱ በቀን እስከ 20 ሰከንድ ወደ ኋላ ቢቀር ወይም እስከ 40 ሰከንድ ቢቀድም እንደ ጤና ይቈጥረዋል፤ ትክክለኛነት ብቻ የሚሻ ሰው የባትሪ ሰዓት ቢገዛ ይቀለዋል።

የኋላ ክዳኑን ፈትቶ፣ የማዞሪያውን ዘንግ ስቦ ማሽኑን ከቀፎው ማውጣት ትዕግሥት ላለው ሰው ከባድ አይደለም። ጭንቁ ያለው ከቆጣሪዎቹ ላይ ነው። ከመንቀል በፊት በፊቱ ላይ ቀጭን ላስቲክ ማንጠፍ ግዴታ ነው። እኔ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ንቄ መንቀያውን በቀጥታ ባሳርፈው፣ ከ4 ቁጥር እስከ መካከሉ የሚደርስ ጭረት አወጣሁ። ሰዓቱ ደግሞ የአባቴ ነበር። አባቴ ጭረቱን ጥቂት ተመልክተው «ይሠራል?» ብለው ብቻ ጠየቁኝ፤ ይሠራል ስላቸው መልሰው አሰሩት። ከዚያ ወዲህ የምለማመደው በተበላሹ ሰዓቶች ላይ ነው፤ ለጀማሪ ሁሉ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

አዲሶቹን ቆጣሪዎች ለመትከል አስቀድሞ ማዞሪያውን ቀስ እያሉ ማዞርና የቀኑ ቁጥር በተለወጠበት ቅጽበት ማቆም ነው። በዚያን ጊዜ ሦስቱም ልክ በ12 ላይ ይተከላሉ፤ አለዚያ ቀኑ ያለ ሰዓቱ ይለወጣል። የሰከንዱን ቆጣሪ በወረንጦ ይዞ መርፌ ጫፍ በምታህል ዘንግ ላይ ማሳረፍ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ምንጣፍ ላይ ከወደቀች ደግሞ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። የሰዓት ቆጣሪው ከ9 ተነሥቶ ቀኑን ወደሚለውጥበት 12 ሲጓዝ፣ ከዚያም አልፎ 4 እስኪደርስ ድረስ ቀኑን በማዞሪያው መለወጥ አይገባም፤ የቀን መለወጫው ጥርሶች በዚያን ጊዜ ስለ ተያያዙ ሊሰበሩ ይችላሉ።

የተከፈተ ሰዓት ክዳኑ ሥር ያለው የላስቲክ ቀለበት ተቀብቶ በመሣሪያ እስኪፈተን ድረስ ውኃ አይችልም፤ ፋብሪካው 200 ሜትር ብሎ የጻፈበትም ቢሆን። እንዲሁም በገበያ ላይ ከሚገኙት ፊቶች ብዙዎቹ ፋብሪካው ሳይሠራቸው ስሙን የተሸከሙ ናቸው። ለራስ ማሰር አንድ ነገር ነው፤ እንደ ፋብሪካ ሥራ አድርጎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

አሁን ወደ ቀለበቱ ልመለስ። ፋብሪካው የሚያወጣው ለጠላቂዎች 60 ደቂቃ የተጻፈበት ነው። እኔ ላዩን አንሥቼ ከ1 እስከ 12 የተጻፈበትን ለጠፍሁ፤ ከመለዋወጫዎቹ ሁሉ ዋጋው ዝቅተኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቀለበቱ አንድ ዙር ሲዞር 120 ጊዜ «ቀጭ» ይላል፤ 60 ጊዜ ባዞረው 12 ቁጥሩ ከታች ይሆናል። ፊቱን በውጭ አገር አቆጣጠር አስተካክዬዋለሁ፤ ቆጣሪው በፊቱ ላይ 7ን ሲያሳይ በቀለበቱ ላይ 1 ያሳያል። ጠዋት አንድ ሰዓት ማለት ነው።

አባቴ ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በእኛ አቆጣጠር ነው። ጭረት የሌለበት ፊት ገዝቼ ላስገባላችሁ ብላቸው «ተወው» አሉኝ፤ ቀለበቱን ግን ፈቀዱልኝ። ወንድሜ የሚኖረው በዋሽንግተን ነው። በዚያ አገር በጋ ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ እዚህ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀኑ 2 ሰዓት በውጭ አቆጣጠር ነው፤ በፊቱ ላይ የአንድ ቁጥር ልዩነት ብቻ። በክረምታቸው ሁለት ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ አባቴ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀለበቱን ያዞሩታል። ወደ ግራ ብቻ ስለሚዞር በመጋቢት 10 ጊዜ «ቀጭ» ብሎ ያበቃል፤ በኅዳር መግቢያ ግን 110 ጊዜ ነው፤ እርሳቸውም ጮክ ብለው ይቈጥራሉ።