የቪክቶሪያ ዘመን እግረኞችና የተዘነጉት ሴቶች

እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካዊቷ ሜጋን ኤከርት ፈረንሳይ ውስጥ በተካሄደ የስድስት ቀን ሩጫ ከ600 ማይል በላይ ሸፈነች፤ ከሴቶች ይህን ርቀት ያለፈች የመጀመሪያዋ ሆነች። ውድድሩ ለምን አምስት ወይም ሰባት ቀን አልሆነም? መልሱ በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ይገኛል። እሑድ ሰንበት ነው፤ በሰንበት ለሕዝብ ትርዒት ማሳየት ነውር ነበር። ስለዚህ በረጅም የእግር ጉዞ የሚወዳደሩት እግረኞች ሰኞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥተው ቅዳሜ ማታ ያቆሙ ነበር።

የወንዶቹ ታሪክ ብዙ ተጽፎበታልና በአጭሩ ልለፈው። ካፒቴን ባርክሌይ ገና በ1809 በሺህ ሰዓት ሺህ ማይል ተራምዶ ሺህ ጊኒ (የዘመኑ የእንግሊዝ ገንዘብ) ተወራርዶ በላ። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ፔይሰን ዌስተን በ1876 ለንደን መጥቶ ሲራመድ የኮካ ቅጠል ማኘኩ ታወቀ፤ የሕክምና መጽሔቶችም ተከራከሩበት። በ1878 ሰር ጆን አስትሊ የዓለም ሻምፒዮና ቀበቶ አዘጋጀ፤ ተወዳዳሪው ከፈለገ እንዲሮጥም ፈቀደ። በ1888 ጆርጅ ሊትልዉድ ኒውዮርክ ላይ በስድስት ቀን 623 ማይል ከሦስት ሩብ ሄደ። ይህን ክብረ ወሰን ግሪካዊው ያኒስ ኩሮስ የሰበረው በ1984 ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርሙኝ ግን ሴቶቹ ናቸው። ኤማ ሻርፕ በ1864 ብራድፎርድ አጠገብ የባርክሌይን ፈተና ልትደግም ተነሣች፤ ሺህ ማይል በሺህ ሰዓት። በቀሚስ ፈንታ የወንድ ልብስ ለበሰች። በየሰዓቱ ማይሏን መጨረስ ስላለባት ስድስት ሳምንት ሙሉ የእንቅልፍ ጥጋብ አላየችም። አትጨርስም ብለው ገንዘብ ያስያዙ ሰዎች ሊያደናቅፏት ሞከሩ፤ ምግቧ ውስጥ መድኃኒት ለመጨመርም አሤሩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሽጉጥ ታጥቃ፣ ፖሊስ እየጠበቃት ተራመደች። ጥቅምት 29 ቀን ፈጸመችው። ለእኔ የሷ ጉዞ ከባርክሌይ ይበልጣል።

ለንደን የተወለደችው የመድረክ ተዋናይ አዳ አንደርሰን ደግሞ በ1878 መጨረሻ አሜሪካ ተሻግራ ብሩክሊን ውስጥ የባሰ ነገር ጀመረች። በየሩብ ሰዓቱ ሩብ ማይል፣ 2,700 ጊዜ። እያንዳንዱን ዙር በሦስትና በአራት ደቂቃ ብትጨርስ ለመብላት፣ ለመታጠብና ለመተኛት የሚተርፋት አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ድካም ሲጫናት እሱም ያጥራል። አራት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ቆየች። ከዚያችው ዕረፍቷ ቀንሳ ፒያኖ እየመታች ለተመልካቹ ትዘፍን ነበር። በጥር 1879 ስትፈጽመው የምትራመድበት አዳራሽ ሞልቶ ነበር፤ ከተመልካቾቹም ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ።

እሷን አይተው ሌሎች ሴቶች በየከተማው ለውድድር ወጡ፤ ወዲያው ተቃውሞ ተነሣ። በዚያው ዓመት መጋቢት ኒውዮርክ ውስጥ ሴቶች ለስድስት ቀን ሲወዳደሩ አንዳንዶቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ ጋዜጦች ጭካኔ ነው ብለው ጮኹ። ድካማቸው እውነት ነበር፤ በቂ ዝግጅት ሳይኖራቸው ለገንዘብ ሲሉ የገቡም ነበሩባቸው። ነገር ግን ወንዶቹም እግራቸው ቆስሎ፣ ዓይናቸው ፈዞ በየትራኩ ይወድቁ ነበር። የእነሱ ጽናት ተባለ፤ የሴቶቹ ይታገድ ተባለ። በኋላ ብስክሌት መጣና የወንዶቹንም ገበያ ወሰደ፤ በ1891 የኒውዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ የስድስት ቀን ብስክሌት ውድድር አስተናገደ።