ስለ ሕፃናት ሥነ ልቡና ባለሙያ አሠለጣጠን
የሕፃናት ሥነ ልቡና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው በክፍል የሚሰጠው የልጅ ዕድገት፣ የፈተና አወጣጥ፣ የስታቲስቲክስና የምክር ትምህርት ሲሆን፥ ሁለተኛው በትምህርት ቤትና በሐኪም ቤት በመምህር ተቆጣጣሪነት የሚደረግ ልምምድ ነው።

ልምምዱ ለምን እንዳስፈለገ ምሳሌ እናቅርብ። ቢኔና ሲሞን በ1905 እ.ኤ.አ. ያወጡት የአእምሮ መለኪያ ለፓሪስ ልጆች የተሰናዳ ነበር፤ በመካነ ሰላም ገጠር ከብት እየጠበቀ የሚማር ልጅ አይቶት የማያውቀውን ሥዕል ቢስት፥ ጉድለቱ የመለኪያው እንጂ የልጁ አይደለም።

ልጁ ዝም ቢልም፥ ዝምታው በታላቅ ፊት የሚጠበቅ ጨዋነት፣ የጆሮ ሕመም፣ ወይም በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ወሎን ከነካው ጦርነት የቀረ ፍርሃት ሊሆን ይችላል። መርማሪው ወላጁንና አስተማሪውን ሳይጠይቅ «ደካማ» ብሎ ቢመዘግበው፥ ልጁ ከትምህርት ሊቀር ይችላል። ስለዚህ መለኪያን መተርጐም ብቻ አይበቃም፤ በአገሩ ልጆች ተፈትኖ መስተካከል አለበት እንላለን።