የተፈረመ ይቅርታ፣ ያልተሰበሰበ ውሸት

በሕዝብ ግንኙነት ሙያ ውስጥ ለሚሠራ ሰው፣ አንድ የድርጅት መሪ የተናገረው ነገር ሕዝብ ባስቆጣ ቁጥር ስልኩ መጮኹ የተለመደ ነው። የደዋዩም ጥያቄ እምብዛም አይለያይም፤ «እስከ ማታ መግለጫ ይድረስልን» ይላል። መግለጫው አጭር እንዲሆን፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ፣ ባንክና አጋር እንዳይደነግጥ ይፈለጋል። በንግግሩ የተሰደቡት ሰዎች ግን በዚያ የመጀመሪያ ስልክ ላይ ብዙ ጊዜ ስማቸው አይነሳም። ስለዚህ እኔ ብዕር ከማንሳቴ በፊት የምጠይቀው ስለ እነሱ ነው። የተባለው ነገር ማንን ነካ? የት የት ደረሰ? የሚያሰራጨው ማነው? አሁንስ ቆሟል ወይ?

እነዚህ ጥያቄዎች ለምን እንደሚቀድሙ ለወጣት ባልደረቦቼ ሳስረዳ የማነሳው የሄንሪ ፎርድን ታሪክ ነው። ከተፈጸመ መቶ ዓመት ገደማ ቢሆነውም፣ ሙያችን የሚፈተንበት ነገር ሁሉ ተጠቃሎ ይገኝበታል። ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፎርድ ለአሜሪካውያን ተራ ሀብታም አልነበረም። በ1914 ለፋብሪካ ሠራተኞቹ በቀን 5 ዶላር መክፈል የጀመረ፣ መኪናን ከባለጸጋው ግቢ አውጥቶ ለገበሬው ያደረሰ ሰው ነው። ሕዝቡ እንደ ራሱ ወገን ያየው ነበር። ይህ ክብር በሞተርና በብረት ሥራ የተገኘ ቢሆንም፣ ሰዎች ስለ ጦርነት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሃይማኖትም እንዲያደምጡት አደረገ። በ1918 መጨረሻ በሚሺጋን ግዛት ዲርቦርን ኢንዲፔንደንት የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ገዛ። ጋዜጣው በሜይ 22 ቀን 1920 «ዓለም አቀፉ አይሁዳዊ» በሚል ርዕስ ተከታታይ ጽሑፍ ጀመረና 91 ሳምንታት ሳያቋርጥ ቀጠለበት። ጦርነቱን፣ ባንኩን፣ ሲኒማውን፣ ሙዚቃውን፣ ሌላው ቀርቶ በዘመኑ የተሰማውን የቤዝቦል ቅሌት ሁሉ በአይሁድ ምሥጢራዊ ሴራ ላይ አላከከ።

የጽሑፎቹ ዋና ምንጭ «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የተሰኘውና መጀመሪያ በ1903 በሩሲያ የታተመው የሐሰት ሰነድ ነው። በኦገስት 1921 የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ ይህ ሰነድ ከየት እንደተገለበጠ ለዓለም አሳየ። በ1864 የፈረንሳዩን ንጉሠ ነገሥት ሣልሳዊ ናፖሊዮንን ለመንቀፍ ከተጻፈና ስለ አይሁድ ምንም ከማይናገር መጽሐፍ አንቀጽ በአንቀጽ የተወሰደ ነበር። ፎርድ ግን ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ስለ ሰነዱ በጋዜጠኛ ሲጠየቅ፣ በዓለም ላይ ከሚሆነው ነገር ጋር ይገጥማል ብሎ መልሷል። የሴራ ወሬ ጉልበት ይህ ነው። ማስረጃውን ሲነጥቁት «ነገሩ ግን ይገጥማል» በሚል ሌላ ምርኩዝ ይቆማል። የዲርቦርኑ ተከታታይ ጽሑፍም ከታይምስ ዘገባ በኋላ እስከ ጃንዋሪ 1922 ድረስ ቀጥሏል።

በእኛ ሙያ ከሁሉ በላይ የለመድነው ዐረፍተ ነገር «የግል አስተያየታቸው ነው» የሚለው ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። በፎርድ ላይ ግን አይሠራም ነበር። ጋዜጣው የሚታተመው በእሱ ገንዘብ ነው፤ አዘጋጆቹ የእሱ ቅጥረኞች ናቸው፤ የመኪና ሻጮቹም ከመኪናው ጋር የጋዜጣ ደንበኝነት እንዲሸጡ ኮታ ተጥሎባቸው ነበር። ጽሑፎቹ ተሰብስበው በአራት ቅጽ መጽሐፍ ሆኑ፤ ወደ ሌሎች ቋንቋዎችም ተተረጎሙ። የድርጅት መዋቅር ያጓጓዘው ጥላቻ የግል አስተያየት ሊባል አይችልም። ስለዚህ ደንበኞቼ ይህን ዐረፍተ ነገር እንድጽፍላቸው ሲጠይቁኝ፣ ንግግሩ በድርጅቱ ገጽ፣ በድርጅቱ መድረክ ወይም በድርጅቱ ሠራተኛ እጅ አልፎ እንደሆነ ሳላጣራ አልጽፍም።

ሕዝቡስ ምን አለ? የጋዜጣው አዘጋጅ ኤድዊን ፒፕ ይህን አላትምም ብሎ በ1920 ሥራውን ለቀቀ። የዲትሮይቱ ራቢ ሊዮ ፍራንክሊን የፎርድ ወዳጅና ጎረቤት ነበሩ፤ ፎርድ በየዓመቱ አዲስ መኪና ይሰጣቸው ነበር። ጽሑፎቹ ሲወጡ ራቢው የመጨረሻዋን መኪና መለሱ። ፎርድም ደውሎ በመካከላችን ምን ገባ ብሎ ጠየቃቸው። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። ሰውየው አንድን ሕዝብ በሙሉ እየከሰሰ፣ ከዚያ ሕዝብ የሆነው ወዳጁ እንደሚቀየምበት አልታየውም። «ጥሩዎቹን አይደለም ያልኩት» የሚል አለቃ ዛሬም ያጋጥመኛል፤ እሱም ሆነ ፎርድ የሚያውቁትን አንድ ሰው ከክሱ ያወጡና የማያውቁትን ሚሊዮን ይኮንናሉ።

በጃንዋሪ 1921 ከመቶ የሚበልጡ ታዋቂ አሜሪካውያን ይህን ዘመቻ የሚያወግዝ የጋራ መግለጫ አወጡ። ከፈራሚዎቹ መካከል ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰንና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት ይገኙበታል። የመግለጫው ክብደት ያለው ፈራሚዎቹ አይሁድ ባለመሆናቸው ላይ ነው። የተከሰሰው ሕዝብ ራሱን ሲከላከል «ታዲያ ምን ይበሉ» ይባላል፤ ሌላው ሰው ሲናገርለት ግን ውሸቱ አገር ያስቆጣ ጉዳይ ይሆናል።

ብዙ አይሁዳውያንና ሌሎችም የፎርድ መኪና መግዛት አቆሙ። የአሜሪካ አይሁድ ኮሚቴ መሪ የነበሩት ጠበቃ ሉዊስ ማርሻል ግን በይፋ የተጠራ እቀባን አልደገፉም። አንዱ ስጋታቸው እቀባው ራሱ «ይኸው፣ የገንዘብ ኃይላቸውን አሳዩ» ተብሎ ለውሸቱ ማስረጃ እንዳይደረግ ነበር። በጥላቻ የተከበበ ሕዝብ ምን ዓይነት አጣብቂኝ ውስጥ እንደሚገባ ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ነገር የለም። ዝም ቢል እንዳመነ ይቆጠራል፤ ቢታገል ደግሞ ሴረኛ ይባላል። ስለዚህ የተሰደቡት ወገኖች ለምን አልተቆጡም፣ ወይም ለምን ይህን ያህል ተቆጡ ብሎ መመዘን የእኛ የባለሙያዎች ሥራ አይደለም። ሸክሙ መነሳት ያለበት በተናጋሪው ትከሻ ነው።

የፎርድን ጉዳይ በመጨረሻ ችሎት ፊት ያደረሰው አሮን ሳፒሮ የተባለ ጠበቃ ነው። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ያደራጅ ነበር፤ ጋዜጣው የአይሁድ ሴራ አስፈጻሚ አድርጎ ስለጻፈበት በ1925 የ1 ሚሊዮን ዶላር የስም ማጥፋት ክስ መሠረተ። በማርች 1927 ዲትሮይት ላይ ችሎት ተጀመረ። በወቅቱ የጋዜጣው አዘጋጅ የነበረው ዊልያም ካሜሮን ቀርቦ፣ ፎርድ ጽሑፎቹን አላያቸውም፣ ኃላፊነቱ የእኔ ነው አለ። አንዲት የጁሪ አባል ለጋዜጣ በመናገሯ ችሎቱ ያለ ውሳኔ ፈረሰ። እንደገና ሊታይ ሲል ፎርድ እርቅ ፈለገ።

በጁላይ 1927 የወጣውን ይቅርታ የጻፉት ፎርድ ሳይሆን ሉዊስ ማርሻል ናቸው። በደሉን ዘርዝሮ፣ ክሶቹን ሐሰት ብሎ፣ መጽሐፉም እንዳይሰራጭ ቃል የሚገባ ሙሉ ይቅርታ ነበር። የፎርድ ቀኝ እጅ የነበረው ሃሪ ቤኔት ግን ከዓመታት በኋላ ባሳተመው ማስታወሻው ፊርማውን እኔ ነኝ የፈረምኩለት ብሎ ጻፈ። በዓመቱ መጨረሻ ጋዜጣው ተዘጋ፤ አዲሱ ሞዴል ኤ መኪናም ገበያ ወጣ። ብዙ አይሁዳውያን ይቅርታውን በደስታ ተቀበሉ። እንደ መግለጫ ብቻ ካየነው እስካሁን ካነበብኳቸው ምርጡ ነው። ጉዳዩ የሕዝብ ግንኙነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ እዚህ ላይ በተዘጋ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶቻችን። ጀርመናዊው አሳታሚ ቴዎዶር ፍሪች መጽሐፉን ማተም አላቆመም። በ1946 በኑረምበርግ ችሎት የሂትለር ወጣቶች ድርጅት መሪ የነበረው ባልዱር ፎን ሺራክ፣ ገና በወጣትነቱ አይሁድን እንዲጠላ ያደረገው የፎርድን መጽሐፍ ማንበቡ እንደሆነ ተናገረ። ፎርድ ራሱ በ1938፣ በ75ኛ ዓመት ልደቱ፣ ከናዚ ጀርመን መንግሥት የክብር ኒሻን ተቀበለ፤ ሕዝብ ቢቆጣም አልመለሰውም። ስሙ ከይቅርታው ጋር ታደሰ፤ መጽሐፉ ግን ያለ እሱ መንገዱን ቀጠለ። የመጽሐፉን መንገድ ለመዝጋት ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ገንዘብ፣ ጠበቃና ድምፅ የነበረው እሱው ነበር።

ኩባንያው በኋላ ዘመን ሌላ መንገድ ይዟል። በ1997 «የሺንድለር ዝርዝር» የተባለው ፊልም በአሜሪካ ቴሌቪዥን ያለ ማስታወቂያ ሲተላለፍ ወጪውን የሸፈነው ፎርድ ኩባንያ ነው። በ2019 ግን የዲርቦርን ከተማ ከንቲባ፣ ከተማዋ የምታሳትመው የታሪክ መጽሔት ስለ ፎርድ ፀረ አይሁድ ዘመቻ በመጻፉ እንዳይሰራጭ አገዱት፤ አዘጋጁንም አሰናበቱ። እገዳው ዜና ሆኖ ጽሑፉን ብዙ ሰው አነበበው። ታሪክን በመሸሸግ ስም አይጠበቅም።

የዛሬው ዘመን ከዚያ ይፈጥናል። በጃንዋሪ 2022 በዩታ ግዛት ኤንትራታ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ መሥራችና የቦርድ ሰብሳቢ ዴቭ ቤትማን፣ የኮሮና ክትባት አይሁድ ሰውን ለመጨረስ ያቀነባበሩት ነው የሚል ኢሜይል ለግዛቲቱ የቴክኖሎጂ ኩባንያ መሪዎችና ፖለቲከኞች ላከ። የግዛቱ ገዢ ስፔንሰር ኮክስ አወገዙት። የቦርዱ አባላት እንዲለቅ ጠየቁት፤ በዚያው ቀን ለቀቀ። ፎርድ ሰባት ዓመት የፈጀበትን ጉዳይ የዩታው ኩባንያ ሳይመሽ ጨረሰው። ይህ ፍጥነት ተገቢ ነው፤ ለአይሁዳዊው ሠራተኛም ነገ ጠዋት ቢሮ የሚገባበትን ድፍረት ይሰጠዋል። ሆኖም ሰውየውን ማሰናበት ወሬውን ማቆም አይደለም። ክትባቱን በፈሩ ሰዎች ስልክ ውስጥ ያ ወሬ ያለ ሰብሳቢው መዞሩን ይቀጥላል።

እንዲህ ያለው ክስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በጎንደርና በአካባቢው ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ይኖሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤላውያን «ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እያለ ያገለለ ኅብረተሰብ ነው ያሳደገን። በሠሩት ማረሻ የሚያርሰው፣ በሠሩት ማሰሮ የሚያበስለው ሰው ለልጁ ሕመም እነሱን ተጠያቂ አደረገ። ያ ወሬ ፋብሪካም ማተሚያም አላስፈለገውም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ትውልድ ተሻገረ። ዛሬ በአማርኛ የሚናገር ባለሀብት በአንድ ሕዝብ ላይ የሴራ ወሬ ሲያወራ ዘሩ የሚወድቀው በዚህ በታረሰ መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የምጽፈው መግለጫ ይቅርታን ብቻ አይይዝም። የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑን በስሙ ጠርቶ ያርማል፤ «ቅር የተሰኛችሁ ካላችሁ» አይልም። ንግግሩ የወጣባቸው ገጾችና ቪዲዮዎች እንደወረዱ፣ የተቀባበሉትም እንዲያርሙ እንደተጠየቁ ይናገራል። የተሰደቡት ወገኖች ቀድመው ተሰምተው ከሆነ ይጠቅሳል፤ ካልተሰሙም መጀመሪያ ይሰሙ ብዬ መግለጫውን አቆያለሁ። ፊርማውም የተናጋሪው የራሱ መሆን አለበት። ደንበኛው ይህን ሁሉ ካልፈቀደ ሥራውን አልቀበልም። ሙያችን የሰውን ስም የሚጠብቅ ከሆነ፣ አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው ያለ ጥፋቱ የተከሰሰው ሕዝብ ስም ነው።